ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ፦ የሥራ ጉዳይዎን ከቀጣሪው ዘንድ እንዴት ይከታተላሉ?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በእንጅባራ ሥራ የሚፈልግ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ማስታወቂያ በማሰስና ማስረጃ ፎቶ ኮፒ በማስነሣት ነው። ወረቀቱ ከገባ በኋላ ብዙዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። አንዳንዱ «ከፈለጉኝ ይደውላሉ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል፤ ሌላው በየማለዳው ከቢሮው ደጃፍ ቆሞ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይጠይቃል። የፊተኛው ስም ተለጥፎ ሳያይ ፈተናው ያልፈዋል። ኋለኛው ደግሞ መልስ ሊሰጠው የሚችለውን ባለሙያ ያሰለቻል።

በሰው ሀብት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ቶሎ መልስ ሲያገኙ ያየኋቸው አመልካቾች አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው። መቼ ምን እንዳስገቡ በጽሑፍ ይይዛሉ፤ ቀን ቆጥረው ይመጣሉ፤ ሲጠይቁም «ተቀጠርሁ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ጉዳዩ የት ደረሰ?» ይላሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል ሠራተኛ የለም፤ ሁለተኛውን ግን ማንም ይመልሰዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

1. ክትትሉን ባስገቡበት ቀን ይጀምሩ

ማስታወቂያው ገና ሰሌዳው ላይ ሳለ ማኅተሙ፣ ቁጥሩና የወጣበት ቀን እንዲታዩ አድርገው ሙሉውን ፎቶ ያንሡት። በክረምት ዝናብ ያረጥበዋል፣ በበጋ ነፋስ ይገነጥለዋል፣ አለዚያም ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ከዚያ በኋላ «በየትኛው መደብ ነው ያመለከቱት?» ሲባሉ «የሒሳብ ሥራ ነበር» ማለት አይበቃም። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ማስታወቂያ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የሒሳብ ባለሙያና የውስጥ ኦዲተር ሊያወጣ ይችላል፤ ለየመደቡም የተለያየ ዝርዝር ይዘጋጃል።

ማመልከቻዎን በመዝገብ ቤት በኩል የሚያስገቡ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አንዱን ተቀብላ በባሕር መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ስምዎንና ጉዳዩን ትጽፋለች። ከደብዳቤው ራስጌ ላይ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም ትመታና ቁጥሩንና ቀኑን በእስክሪብቶ ትሞላለች። ያን ጊዜ በትሕትና «እባክዎ በእኔ ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥሩን ይጻፉልኝ» ይበሉ። የሚወስደው ጊዜ ኢምንት ነው። ከሳምንታት በኋላ ፋይልዎ ሲፈለግ ግን መንገዱን የሚያሳየው ይህ ቁጥር ነው። ስም ብቻ ይዞ መጠየቅ አድካሚ ነው፤ ከነአባቱ የሚመሳሰል ስም ያለው ሰው በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ማግኘት እኛ አገር የተለመደ ነው።

ምዝገባው በቅጽ ከሆነ የተመዘገቡበትን ተራ ቁጥርና የመዝጋቢውን ስም ይያዙ። ለዚህ አንድ ደብተር ይግዙና ለእያንዳንዱ ማመልከቻ አንድ ገጽ ይስጡ፦ የማስታወቂያው ቁጥር፣ የመደቡ ስም በማስታወቂያው እንደተጻፈው፣ ያስገቡበት ቀን፣ የሚዘጋበት ቀን፣ የገቢ ወይም የተራ ቁጥሩ፣ የቢሮው ስልክ፣ ዝርዝሩ የሚለጠፍበት ቦታ። ከታች ባዶ መስመሮች ይተዉ። የደወሉበት ቀንና የተነገረዎት ነገር በእነዚያ ላይ ይጻፋል።

የሚዘጋበትን ቀን ሲቆጥሩ «የሥራ ቀናት» የሚለውን ልብ ይበሉ። ማክሰኞ የወጣ ማስታወቂያ «ከዛሬ ጀምሮ ለ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ቢል በመካከሉ ያሉት ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑዶች አይቆጠሩም፤ የሚዘጋው ከሁለተኛው እሑድ በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ከሥራ ቀናቱ አንዱ ጥምቀት ላይ ከዋለ ወደ ማክሰኞ ይገፋል። «የሥራ» የሚለው ቃል ከሌለ ደግሞ ቆጠራው ቅዳሜና እሑድንም ይጨምራል። ከተጠራጠሩ እዚያው ሲመዘገቡ «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁና ይጻፉት።

2. ምዝገባው ሳይዘጋ ፋይልዎ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምመክረው ይህን ነው። በማጣራት ላይ የሚወድቁ አመልካቾች ብዙዎቹ የሚወድቁት ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን አንድ ወረቀት ጎድሏቸው ነው። ምዝገባው ክፍት ሳለ የጎደለውን ማምጣት ይቻላል። ከተዘጋ በኋላ ኮሚቴው ቢያዝንልዎትም ሊቀበልዎት አይችልም።

በተደጋጋሚ የሚጎድሉት የታወቁ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ከተጀመረ ወዲህ ለተመረቁት የፈተናው ውጤት ይጠየቃል። ከቴክኒክና ሙያ ለተመረቁት የብቃት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ ያስፈልጋል። ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ደመወዙንና የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ካልገለጸ በብዙ መሥሪያ ቤቶች አይያዝም። በቡሬ ወይም በባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት የሠራ ሰው በዚህ አንድ መስመር ምክንያት «ዜሮ ዓመት ልምድ» ተብሎ ሲወጣ ማየት ያሳዝናል። ደብዳቤውን ወደ ቀድሞው አሠሪ መልሶ ማስተካከል ቀናት ይፈጃልና አስቀድመው ያንብቡት፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ፣ በምን መደብ፣ ማን ፈርሞ ማኅተም እንዳደረገበት ይመልከቱ።

ስለዚህ ምዝገባው ከመዘጋቱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም ብለው አንድ ጊዜ ይደውሉ፦ «ማስረጃዬ ተሟልቶ እንደሆነ ቢያዩልኝ» ይበሉ። ፋይሉን ለማየት ጊዜ የለኝም የሚል ሠራተኛ ሊገጥምዎት ይችላል። ያን ጊዜ ቢያንስ ጥያቄውን ያጥብቡት፦ «የሥራ ልምዴ ከግል ድርጅት ነው፤ የግብር ማስረጃ ለብቻው ይያያዛል ወይስ ደብዳቤው ላይ መገለጹ ይበቃል?» እንዲህ ያለውን ጥያቄ ፋይል ሳያወጣም ይመልሰዋል።

3. ሲፈለጉ የሚገኙ ይሁኑ

ቀጣሪ ደውሎ ካጣዎት ወደሚቀጥለው ስም ያልፋል። በማመልከቻው ላይ ሁለት ስልክ ይጻፉ። ሁለተኛው ኔትወርክ በማይጠፋበት ከተማ የሚኖር፣ መልእክት በትክክል የሚያደርስ ሰው ይሁን። ቤተሰብዎ ሰከላ ወይም ጎንቻ ገጠር ቢሆንና እርስዎም ለእርሻ ሥራ ወደዚያ የሚወርዱ ከሆነ የደብረ ማርቆስ ወይም የባሕር ዳር ዘመድ ቁጥር ዋጋ አለው። ነገር ግን አስቀድመው ይንገሩት። «ከመሥሪያ ቤት ከደወሉልህ የቢሮውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ይዤው የምሄደውን ነገር ጠይቀህ ጻፍልኝ» ብለው ያደራጁት። «አንድ ሰውዬ ደውሎ ነበር፣ ነገ ና ብሏል መሰለኝ» የሚል መልእክት ከየት ቢሮ እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

በ058 የሚጀምር የመደበኛ ስልክ ጥሪ ካመለጠዎት መልሰው ይደውሉ። ሲያነሱ «ከዚህ ቁጥር ተደውሎልኝ ነበር፤ የሥራ ማመልከቻ አስገብቼ ስለነበር ነው የምጠይቀው» ይበሉ። ቁጥርዎን ከቀየሩ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቁ።

በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት የሚቋረጥባቸው፣ መንገድም የሚዘጋባቸው ጊዜያት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ብቻ አይታመኑ። መሥሪያ ቤቱ ባለበት ከተማ የሚኖር አንድ ሰው በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ሰሌዳውን አይቶ በተራ ስልክ እንዲነግርዎት ያድርጉ። በፈተናው ዕለት መድረስ ያልቻሉት መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ደውለው ያስመዝግቡ። ሁሉም አይቀበልዎትም፤ ሌሎችም በተመሳሳይ ምክንያት ከቀሩ ግን ኮሚቴው ቀን የሚያዛውርበት ጊዜ አለ።

4. መቼ እንደሚጠይቁ ይወስኑ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ማጣራት አለ፤ ከዚያ የተመረጡት ስም ይለጠፋል፤ የጽሑፍ ወይም የተግባር ፈተና ይሰጣል፤ ቃለ መጠይቅ ይከተላል፤ በመጨረሻ ውጤቱ በኃላፊ ይጸድቃል። ምዝገባው ከተዘጋ ከአምስት እስከ ሰባት የሥራ ቀናት ሳያልፉ መጠየቅ ብዙም አያስገኝም። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ «በዚህ ቀን ደውል» ከተባሉ ግን የተባሉትን ቀን ይያዙ።

ሆቴል፣ ሱቅ፣ የግል ክሊኒክ፣ ወፍጮ ቤትና የግንባታ ድርጅት ይፈጥናሉ። ባለቤቱ ራሱ ወሳኝ ስለሆነ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሁለት ሳምንት የጠበቀ ሰው ቦታው ተይዞ ያገኘዋል።

ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚያልቅ በዚህ ወር የሒሳብና የግዥ ክፍሎች ፋታ የላቸውም፤ አንዳንድ ቅጥርም ለሐምሌ ይተላለፋል። በሰኔ «ቆየኝ» ከተባሉ ውድቅ ተደረግሁ ብለው አያስቡ። በሐምሌ አጋማሽ መልሰው ይጠይቁ።

ከሳምንቱ ቀናት ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ይያዛል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላም ሰው አይረጋም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደውሉ።

5. ሲደውሉ

ደብተርዎን ከፊትዎ ዘርግተው፣ ከመናኸሪያና ከገበያ ጫጫታ ራቅ ብለው ይደውሉ። ንግግሩ ይህን ያህል አጭር ሊሆን ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ። የሰው ሀብት ክፍል ነው? እገሌ እባላለሁ። በማስታወቂያ ቁጥር 04 ለሒሳብ ባለሙያ መደብ ተመዝግቤያለሁ፤ ተራ ቁጥሬ 63 ነው። ማጣራቱ ተጠናቅቆ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው የደወልሁት።»

«ገና ነው፤ ኮሚቴው አልተቀመጠም።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ። መቼ ብደውል ይሻላል? ዝርዝሩስ የሚለጠፈው እዚያው ግቢ ነው ወይስ ሌላም ቦታ ይወጣል?»

«በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠይቅ። እዚሁ በር ላይ ነው የሚለጠፈው።»

«ሐሙስ እደውላለሁ። ማንን ልጠይቅ? … እግዜር ይስጥልኝ፤ መልካም ሥራ።»

እዚህ ላይ ልመና የለም፤ የቤተሰብ ችግርም አልተነሣም። ችግርዎ እውነተኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ስልኩን ያነሣው ባለሙያ ስለ እርሱ ምንም ሊያደርግ ስለማይችል ከመሳቀቅ በቀር የሚያተርፈው የለም። ቀንና ቦታ ከጠየቁት ግን የሚሰጠው አለው። እንደ ዘጉ ቀኑን፣ ያነጋገረዎትን ሰውና መልሱን በደብተርዎ ይጻፉ። በተባለው ሐሙስ ሲደውሉም «ወይዘሮ እገሊት ዛሬ እንድጠይቅ ነግረውኝ ነበር» ብለው ይጀምሩ። ንግግሩ ካለፈው ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም።

በስልክ «አንተ» ቢሉዎትም እርስዎ «እርስዎ» ማለትዎን አይተዉ። በጣም ወጣት የሚመስል ድምፅ ቢሆንም እንኳ።

6. በአካል ሲሄዱ

ከሞጣ ደብረ ማርቆስ ወይም ከዳንግላ ባሕር ዳር ተመላልሶ መጠየቅ የትራንስፖርት ብር ያስወጣል፤ ሥራ ለሌለው ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስልክ የሚሠራ ከሆነ ሳይደውሉ አይነሡ። ከተነሡ ግን ዋናውን የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያና ሁለት ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ፤ «ዋናውን አሳይ» ቢባሉ ሌላ ጉዞ እንዳያስከትል።

ሥራው የሚጀምረው ከበሩ ነው። ጥበቃውን በአክብሮት ሰላም ይበሉ፣ የመጡበትን ጉዳይ ይንገሩ፣ ለመፈተሽ ይተባበሩ። የትኛው ባለሙያ በሥራ ላይ እንዳለ፣ ማን ለመስክ እንደወጣ፣ ዝርዝሩ ከየትኛው በር እንደሚለጠፍ ጥበቃው ከማንም በላይ ያውቃል። ከውስጥ ደግሞ ወረፋ ይጠብቁ፤ ባለጉዳይ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያለ አንገት አስግጎ መጠየቅ አያስወድድም። ከባለሙያው ዘለው ወደ ኃላፊው ቢሮ አይሂዱ። ኃላፊው ያንኑ ባለሙያ ጠርቶ ስለሚጠይቅ ያስቀየሙት ሰው ዘንድ ተመልሰው ይመጣሉ።

«ውስጥ ሰው አለኝ» የሚባለውንም ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። የሚያውቁት ሰው ዝርዝሩ መለጠፉን ቢነግርዎት ምንም ነውር የለበትም። ስምዎን እንዲያስገባልዎ መጠየቅ ግን የሌላውን ልጅ ድካም መንጠቅ ነው፤ ለዘመድዎም መዘዝ ያመጣበታል። ለዚህ ብሎ መደለያ ማቀበል ደግሞ ወንጀል ነው። «ለፈተናው»፣ «ለፎርሙ» ወይም «ለኮሚቴው» ብሎ በስልክ ገንዘብ እንዲላክለት የሚጠይቅ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ ቢልም አይላኩለት፤ ይልቁንም ማስታወቂያው ላይ በተጻፈው ስልክ ደውለው ያጣሩ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲም ከሠራተኛው ክፍያ አይቀበልም።

7. በጽሑፍ ሲጠይቁ

ሁለት ጊዜ ደውለው ጥርት ያለ መልስ ካላገኙ ይጻፉ። ደብዳቤ በባሕር መዝገብ ስለሚገባ አንድ ሰው መልስ የመስጠት ኃላፊነት ይወድቅበታል። ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፦

ቀን፦ …
ለ… መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ ማመልከቻዬ የደረሰበትን ደረጃ ስለመጠየቅ

በማስታወቂያ ቁጥር … ለ… የሥራ መደብ በቀን … አመልክቼ በተራ ቁጥር … ተመዝግቤያለሁ። ምዝገባው ከተዘጋበት ከ… ወዲህ በስልክ ጠይቄ ማጣራቱ እንዳልተጠናቀቀ ተነግሮኛል። ቅጥሩ አሁን በምን ደረጃ ላይ እንዳለና ቀጣዩ ማስታወቂያ የሚወጣበት ቀን ታውቆ ከሆነ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጥ ይወቁ፤ ጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝም ይደነግጋል። አዋጁን በመጀመሪያው ደብዳቤ መጥቀስ ግን አያስፈልግም። መጀመሪያ በሰላም ይጠየቃል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ አነጋገሩ ግን ማስፈራሪያ መሆን የለበትም።

በኢሜይል ሲጽፉ በርዕሱ ላይ የመደቡን ስምና የማስታወቂያውን ቁጥር ያስቀምጡ፤ አዲስ መልእክት ከመክፈትም መጀመሪያ በላኩት ላይ መልሰው ይጻፉ፤ ማመልከቻዎ ከሥሩ ይታያል። ኃላፊውን በግል ቴሌግራሙ ወይም በፌስቡክ ገጹ ማስጨነቅ ግን ያስቆጣል።

8. ቀኑንና ሰዓቱን አጣርተው ይያዙ

በተለይ መያዶች (መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች) እና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋሉ። ኢሜይሉ ኦክቶበር 2 ካለ መስከረም 22 ነው፤ ከመስከረም በፊት ያለችው ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን፣ ማለትም ከአውሮፓውያን ዘለል ዓመት በፊት ባለው ዓመት፣ ደግሞ ቀኑ በአንድ ይዛነፋል። ስለዚህ በስልክ አቆጣጠር አይተው የሳምንቱን ቀን ያመሳክሩ። ሰዓቱ ከዚህም የባሰ ያሳስታል። «2፡00» የሚል ጽሑፍ ለአንዱ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ለሌላው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው። ጥሪ ሲደርስዎ ወዲያው አረጋግጡልኝ ይበሉ፦ «ሐሙስ መስከረም 22፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው ማለት ነው?»

9. ከፈተናና ከቃለ መጠይቅ በኋላ

ከመውጣትዎ በፊት ውጤቱ የትና መቼ እንደሚወጣ ይጠይቁ። በግል ድርጅት ቃለ መጠይቅ ካደረጉ በማግሥቱ የምስጋና መልእክት መላክ መልካም ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን አስፈላጊ አይደለም፣ ውጤትም አይለውጥም።

ውጤቱ ሲለጠፍ ፎቶ ያንሡት። ነጥብዎ የተሳሳተ ከመሰለዎት በማስታወቂያው ላይ በተቀመጠው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ጊዜው ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «አድልዎ ተፈጽሞብኛል» ብሎ ከመጀመር ይልቅ «የሦስት ዓመት የሥራ ልምዴ አልተያዘልኝም፤ ደብዳቤው በፋይሌ ውስጥ በገጽ እገሌ ይገኛል» ማለት ይሠራል። የመጀመሪያው ለክርክር ይጋብዛል፤ ሁለተኛው ፋይል ያስከፍታል።

በተጠባባቂነት ከተያዙ ጉዳዩ አልተዘጋም። አንደኛ የወጣው ሰው ሌላ ሥራ አግኝቶ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስልክዎን ክፍት ያድርጉ፣ በወር አንድ ጊዜ ይጠይቁ፣ በዚህ መካከል ግን በሌላ ቦታ ማመልከትዎን አያቋርጡ። በደብተርዎ ውስጥ አምስት ስድስት ክፍት ገጽ ያለው ሰው አንዱ «አልተሳካም» ሲለው አይሰበርም።

ሌላ ቦታ ተቀጥረው ከሆነ ደግሞ ያመለከቱባቸውን ቀሪ ቢሮዎች በየተራ ይደውሉላቸው፦ «በተራ ቁጥር 63 ተመዝግቤ ነበር፤ ሥራ ስላገኘሁ ስሜ ከዝርዝሩ እንዲወጣልኝ ነው» ይበሉ። ከእርስዎ ቀጥሎ ያለው ተጠባባቂ በዚያው ሳምንት ሊጠራ ይችላል። ያስገቡት ዋና ማስረጃ ካለም ፈርመው ይረከቡ።